እኔነኝ የተባለው ተራራ

ከመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ገደሉ አፋፍ ሲጠጋ፣ አዲስ የሚኒባስ ረዳት ሁሉ የሚዋረድበት አንድ ፌርማታ አለ። ረዳቱ ገና አልገባውምና አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ «እኔነኝ ወራጅ አለ?» ብሎ ይጮሃል። ማንም አይመልስም። ወራጅ ግን ሞልቷል። መኪናው ሊያልፍ ሲል አንዷ «ተራራው ጋ!» ትላለች፤ አንዱ ሽማግሌ «ኧረ እዚህ ሰው አለ!» ብሎ ጣራውን በከዘራው ይደበድባል። ረዳቱ የተሾፈበት ይመስለዋል። ተራራው ስሙ እኔነኝ ነው። የአገሩ ሰው ግን በገዛ አፉ «እኔ ነኝ» ብሎ ከሚወርድ፣ ሁለት ዳገት አልፎ ወርዶ በእግሩ ቢመለስ ይመርጣል።

የበግ ጸጉርና ባና እነግዳለሁ። ባና ያልኩት ያን የመንዝ ወፍራም የጸጉር ብርድ ልብስ ነው። በዚያ መንገድ ስመላለስ ዘመኔ አልቋል፤ ተራራውን ግን አይቼው አላውቅም ማለት ይቻላል። ነጋዴ ተራራ አያይም። የሚያየው ዳገቱን ነው፣ መኪናው ይጎትት ይሆን አይጎትት ይሆን እያለ።

ባለፈው ነሐሴ ግን አንድ ሽማግሌ ገሳ ለብሰው ተሳፈሩ። ገሳ ከጓሳ ሣር የሚጎነጎን የዝናብ ልብስ ነው፤ ዛሬ ላስቲክ ተክቶት የሚለብሰው ጥቂት ሰው ነው። የሽማግሌው ገሳ ዝናብ ጠጥቶ ነበርና ሽታው መኪናውን ሞላው። እርጥብ ጓሳ ትንሽ እንደ በግ፣ ትንሽ እንደ ጭስ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ማር ይሸታል። ተሳፋሪው «መስኮት ክፈቱ!» አለ። እኔ «ዝጉት» አልኩ።

ሽታው መለሰኝ፤ የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

እናቴ ያን ክረምት እርጉዝ ነበረች። እርግዝናው ሲከብዳት ወደ እናቷ ቤት ወደ ራቤል ሄደች። አባቴ ወጥ ከውሃ የማይለይ ሰው ስለነበር እኔን በበቅሎ ጭኖ ለአጎቱ ለአባባ ወንድይራድ አስረከበኝ። አባባ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ገሳ የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸው ከተራራው ግርጌ ነው። አባቴ በቅሎዋን ሲያስር እኔ ሮጬ በሩን አንኳኳሁ።

«ማነው?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

በሩ አልተከፈተም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ!»

ከጎረቤት አጥር በላይ የአንዲት ሴት ራስ ብቅ አለ። «በስመ አብ! አንቺ ልጅ፣ ምን ሰርቀሽ ነው?»

ምንም አልሰረቅኩም ብዬ ላለቅስ አፌን ሳጣምም፣ ሴትዮዋ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «'ሰው ነው' በይ» አለችኝ።

«ሰው ነው» አልኩ።

በሩ ወዲያው ተከፈተ። «ሰው ከሆነ ይግባ» አሉ አባባ።

ለብዙ ቀን «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል በር የሚቆልፍ ነገር መሰለኝ። ውሃ ቀድቼ ስመለስ፣ ጠላት ቢያባርረኝ ምን ብዬ እንደምዘጋበት አውቃለሁ እያልኩ እጽናና ነበር። ከአጥሩ በላይ የታየችው ሴት እትዬ ዘነበች ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ የምታስል አንዲት ትንሽ ልጅ ያለቻት፣ እንዝርቷ ከእጇ የማይለይ፣ አፏም ከእንዝርቷ ጋር አብሮ የሚሽከረከር ሴት ነበረች።

ሥራዬ ውሃ መቅዳት ነበር። የከረመ ጓሳ ደርቆ ስለሚሰበር፣ ካልተዘፈዘፈ አይጎነጎንም። አባባ ደግሞ ከከረመ ሣር በቀር ምንም አልነበራቸውም፤ ተራራው ተዘግቷልና።

አጥር የለውም፣ በር የለውም፣ ግን ዝግ ነው። በዚያ አገር ጓሳው እንዲያድግ ተራራው ሦስት ዓመት ይዘጋል። ከብት አይረግጠውም፣ ማጭድ አይነካውም። የሚጠብቁት ሽማግሌ «የሣር አባት» ይባላሉ። እሳቸው ሲፈቅዱ አገሩ በሙሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ ጣራውን የሚከድነውም፣ ገመዱን የሚገምደውም በዚያ ነው። ያን ጊዜ የሣር አባት አያ ዳምጠው ነበሩ፤ ሲስቁ ያየ ሰው የሌለ፣ ረጅም፣ ከበትራቸው ጋር አብረው የተወለዱ የሚመስሉ። ክረምቱ ሦስተኛው ነው። ከመስቀል በኋላ ይከፈታል ተብሎ ሁሉም ጣራውን ቀና ብሎ እያየ ይጠብቃል።

የእኛ ጣራ ሦስት ቦታ ያፈስ ነበር። አንዱ ቅል ላይ፣ አንዱ ቆርቆሮ ላይ፣ አንዱ ድስት ላይ ይንጠባጠባል። ሦስቱ ሲገጥሙ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ሲለያዩ እነቃለሁ። አባባ ሣር ባጡ ቀን እሳት ዳር ተቀምጠው ባዶ ጣቶቻቸውን ይጎነጉኑ ነበር። የሚጎነጉኑትን አየር ትከሻዬ ላይ ጣል ቢያደርጉልኝ ዝናብ የማይገባብኝ ይመስለኝ ነበር።

ምንጩ ከተራራው ትከሻ ሥር፣ ገደሉ አጠገብ ነው። ማለዳ ስደርስ አገር የለም። ከእግሬ በታች እስከ ሰማይ ጥግ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሚተነፍስ ነገር ተኝቷል። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ግን ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እንስራዬን ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ።

«አባባ፣ ባሕር መጣ!»

ተከትለውኝ መጡ። ረጋ ብለው አዩት። «እሱ መርሐቤቴ ነው» አሉኝ።

ስለዚህ መርሐቤቴ ውሃ ውስጥ ያለ አገር ነው ብዬ ያዝኩ። በጣም አዘንኩላቸው። አንዳንድ ማለዳ ከታች ዶሮ ሲጮህ እሰማለሁ፤ አፉ ውሃ እየገባበት እንዴት እንደሚጮህ ይገርመኝ ነበር። ረፋድ ላይ ነጩ ነገር ይገፈፍና ማሳው፣ ጎጆው፣ የወንዙ መስመር ብቅ ይላል። በየቀኑ በቅል እየጨለፉ የሚያደርቁት መሰለኝ። ብርቱ ሕዝብ ነው አልኩ። ዛሬም ከመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ነጋዴ ጋር ስከራከር ያ አክብሮት ፈጽሞ አልለቀቀኝም፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ ተጎድቻለሁ።

በጉም ውስጥ ደግሞ ጅብራዎቹ ይቆማሉ። ጅብራ ቀጥ ብሎ ሰው አክሎ የሚበቅል የደጋ ተክል ነው። ዳገቱን ሞልተው፣ ዝም ብለው፣ አንዱን የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። እነማን እንደሆኑ አንድ ቀን አባባን ጠየቅኳቸው። እትዬ ዘነበች እንዝርቷን ይዛ ደጃችን ተቀምጣ ነበር።

«ጅብራ ነው» አሉ አባባ። «ሰው የተቀመጠው ግን እዚያው ነው። ድሮ ነው። የአገረ ገዥው በቅሎ ጠፋችና አውጫጭኝ ተጠራ።»

«አውጫጭኝ ምንድነው?»

«የበደለ ሰው ሲጠፋ አገሩ በሙሉ አንድ ላይ ይቀመጣል። በዳዩ እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያን ጊዜ ገብሱ ደርሷል። በረዶው በመርሐቤቴ በኩል ያጉረመርማል። አንድ ቀን ተቀመጡ፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። ሕፃናት ታመሙ፣ ገብሱ መርገፍ ጀመረ። በስምንተኛው ቀን አንድ ሰው ብድግ አለና 'እኔ ነኝ' አለ። እሱን ወሰዱት፣ ሰዉ ወርዶ ገብሱን አጨደ።»

«በቅሎዋስ?»

«በማግስቱ ራሷ መጣች። ገመዷን በጥሳ ነው የሄደችው።»

እትዬ ዘነበች እንዝርቷን አቆመች። «እሱ የእርስዎ ወሬ ነው። እኔ የሰማሁት በቅሎዋን የሰረቀው ራሱ ነው። ሌባ ባይሆን ለምን ይነሳል?»

«ለገብሱ ነዋ።»

«ለሰው ገብስ? ይተዉኝ እስቲ፣ አባባ! ለራሱ ገብስ ሰው የሚገድል አይቻለሁ። ለሰው ገብስ የሚሞት የት አለ?»

«ገና ልጅ ነሽ፣ ምን አይተሻል።»

«ስሙ ማን ነበር?» አልኩ።

አባባ ወደ ተራራው፣ እትዬ ዘነበች ወደ እንዝርቷ አዩ። ተራራው ቃሉን ይዞ ስሙን ጥሎታል። ከዚያ ወዲህ ነው በዚያ አገር «እኔ ነኝ» ዝም ብሎ የማይባለው፤ የተባለም እንደሆነ የማይመለሰው።

ጾመ ፍልሰታ እንደተፈታ አያ ዳምጠው ከተራራው ወረዱ፣ በእጃቸው አንዲት የሣር ጉቶ ይዘው። በየደጁ እየቆሙ አሳዩዋት።

«ማጭድ ነው» አሉ። «የከብት ጥርስ እንዲህ አይቆርጥም። ከላይ ጎድጓዳው ውስጥ፣ የአንድ ባና ስፋት ታጭዷል።»

ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። አባባም ጉቶዋን ተቀብለው አገላበጧትና መለሱላቸው። እኔ ግን ዞሬ በበሩ ወደ መደቡ አየሁ። ከሁለት ቀን በፊት ከምንጩ ስመለስ አባባ መደቡ ሥር ተንበርክከው አንድ እቅፍ እርጥብ፣ አረንጓዴ፣ ረጅም ጓሳ አጎዛው ሥር ሲከቱ ደርሼባቸዋለሁ። አዩኝ። «ውሃውን አስቀምጪና ውጪ» አሉኝ። ከዚያ በፊት ውጪ ብለውኝ አያውቁም። ወጣሁ። የሦስት ዓመት ሣር እንደሆነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

አባባ ሰርቀዋል። አልፈረድኩባቸውም፤ አየር ሲጎነጉኑ የከረሙ ሰው ናቸው። ግን በየደጁ የሚባለውን እሰማለሁ። «ከእድር ይወጣል።» «እሳት የሚጭርለት አይኖርም።» እሳቱን ከእትዬ ዘነበች ቤት መስረቅ እችላለሁ። እድሩ ነው ያስጨነቀኝ።

«እትዬ፣ ከእድር የወጣ ሰው ሲሞት ምን ይሆናል?» አልኳት።

እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ። «ይኼን ማን ጠይቂ አለሽ?»

«ማንም።»

«ቀባሪ አያገኝማ! ምን ይሆናል! ሂጂ፣ ውሃሽን ቅጂ!»

እሷም የአባባን ነገር አውቃለች ብዬ ደነገጥኩ። ቀባሪ ያጡ አባባ መደባቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ጣራው እያፈሰሰባቸው፣ ለዘላለም ጣቶቻቸውን ሲጎነጉኑ ታዩኝ።

አውጫጭኙ ለበዓል ቀን ተጠራ። ሰዎች «ወፍ መናገሯ አይቀርም» ሲሉ ሰማሁ። ወፍ የሚሉት የሚያውቀውን በሽማግሌዎች ጆሮ የሚያንሾካሹክ ምስክር ነው። ያን ያወቅሁት በኋላ ነው። እኔ የማውቀው ወፍ ጣራችን ላይ የሚያርፈውን ትልቅ ቁራ ብቻ ስለነበር ቆሎ በጉቦ ሰጠሁት። በላ። ጉቦ የበላ ሁሉ ዝም እንደማይልም ያኔ አላውቅም ነበር።

በቀኑ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ዳገቱን ሸፍኖታል። አገሩ በሙሉ ከተዘጋው ሣር በታች ተቀመጠ፤ ገሳ የለበሰው፣ ባና የለበሰው፣ ጅብራው፣ ድንጋዩ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ የትኛው እንደሚተነፍስ አይለይም። አያ ዳምጠው በትራቸውን ተክለው ተናገሩ።

«ያጨደው ሰው ካልታወቀ ተራራው ዘንድሮ አይከፈትም።»

ሰዉ እንደ ከብት አጉረመረመ። አራተኛ ክረምት በሚያፈስ ጣራ ማለት ነው።

ከዳር ተጀመረ። እያንዳንዱ ይነሳል፤ «አላጨድኩም፣ ሲታጨድም አላየሁም» ብሎ ይምልና ይቀመጣል። መሐላው ወደ እኛ እየቀረበ መጣ። አባባ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጎነጉናሉ። በሐሰት አይምሉም፤ ይህን አውቃለሁ። ስለዚህ እውነቱን ይናገራሉ፤ ከዚያም ቀባሪ ያጣሉ። ሦስት ሰው ቀረ። ሁለት። አባባ ጉልበታቸውን ደግፈው ሊነሱ ሲሉ እኔ ቀድሜ ተገተርኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሴቶቹ አማተቡ። አያ ዳምጠው ከላይ ወደ ታች አዩኝ፤ መንገዱ አጭር ነበር።

«አንቺ ነሽ ያጨድሽው?»

«አዎ።»

«በማን ማጭድ?»

ይህን አላሰብኩበትም። የአባባ ማጭድ ካልኩ ተመልሼ እሳቸው ላይ ጣልኩት።

«በጥርሴ» አልኩ።

ዳገቱ በሙሉ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ አባባ ተነሱ። «ልጅቷን ተዋት፣ ዳምጠው። እኔ ነኝ። ሣሩ ከመደቤ ሥር አለ፣ ሂዱና እዩት።»

«አይደሉም! እኔ ነኝ!»

«ዝም በይ አንቺ!»

«እርስዎ ዝም ይበሉ!»

አባባ ክንዴን ያዙና ጎንበስ አሉ። ትንፋሻቸው ጆሮዬን አሞቀው። «ሣር የለኝም ስላልኩ ነው ያጨድሽው? በር ላይ ሳገኘው እኮ ደነገጥኩ።»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ያጨዱት?»

ተያየን። ሰው ከሁለት ተራራ ላይ ሆኖ እንደሚተያይ ነበር የተያየነው።

ከበስተኋላችን አንድ ሰው ተነሳ። ሰዉ አንገቱን ሲያዞር እኔም ዞርኩ። እትዬ ዘነበች ነበረች። እንዝርቷን መሬት አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ልጄ ባለፈው ክረምት ስታስል እንደከረመች ታውቃላችሁ። ገሳ የላትም። ሌሊት ወጥቼ አጨድኩና አባባ በር ላይ ጣልኩት። ማን እንዳመጣው ሳይጠይቁ ይሠሩታል፣ ሲጨርሱም 'ይህ ለእሷ ይሁን' ይላሉ ብዬ።» ከዚያ ወደ አባባ ዞረች። «ደብቀው ያስቀምጡታል አላልኩም፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ዝናቡ መንጠባጠብ ጀመረ። አያ ዳምጠው የቆምነውን ሦስታችንን በየተራ አዩን።

«ጠዋት አንድ አጥቼ ነበር» አሉ። «አሁን ሦስት አገኘሁ። ሌላ ያለ እንደሆነ ቶሎ ይነሳ፤ ዝናቡ መጣ።»

ሽማግሌዎቹ ገሳቸውን ገጥመው ተመካከሩ። ሲመለሱ አያ ዳምጠው ፈረዱ። ተራራው ይከፈታል። ከእድር የሚወጣ የለም። የታጨደው ሣር ተመልሶ አይበቅልምና ገሳው ለዘነበች ልጅ ይሠራ። ግን በዚህ ተራራ ላይ የተባለ ቃል አይመለስም፤ ሦስቱም «እኔ ነኝ» ብለዋል፣ ሦስቱም ጥፋተኛ ናቸው። ስለዚህ ሣሩ ሲከፈት፣ አገሩ በሙሉ አጭዶ፣ አስሮ፣ ተሸክሞ ከወረደ በኋላ ነው እነሱ ማጭድ የሚያነሱት።

ፍርዱ የቀለለ የሚመስለው ጓሳ ለማያውቅ ነው። መጨረሻ መግባት ማለት ጉቶ ማጨድ ነው። በጉቶ ጣራ አይከደንም። ሌላ ሦስት ዓመት በቅል፣ በቆርቆሮና በድስት።

ወደ ቤት ስንወርድ አባባ ከፊቴ ከፊቴ ይሄዱ ነበር። አጥሩ ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«በጥርሴ?» አሉና ሳቃቸው ሳል እስኪሆን ሳቁ።

ገሳው እስከ እንቁጣጣሽ አለቀ። ልጅቷ ስትለብሰው ሁለት እግር ብቻ ቀረላት። እትዬ ዘነበች ደጃችን ተቀምጣ ስታያት ቆይታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «አባባ፣ ያ ሰውዬ እኮ…» አለች።

«ሌባ አልነበረም?»

«ሌባስ ነበረ። ግን የተነሳው ለገብሱ ነው።»

አባባ ሣሩን በጣታቸው አስተካከሉ። «እንዲህ ከሆነ ይስማማኛል» አሉ።

ከመስቀል በኋላ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ አገሩ ተራራው ግርጌ ተሰለፈ። አያ ዳምጠው በትራቸውን አነሱ። ከዚያ በኋላ የነበረው ድምፅ ነው፤ የብዙ መቶ ማጭድ ድምፅ፣ ዝናብ ቅጠል ላይ ሲዘንብ እንደሚሰማው፣ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ። እኛ ሦስታችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እናያለን። አባባ ማጭዳቸውን ብብታቸው ሥር ይዘዋል። እትዬ ዘነበች የምትፈትለው አጥታ የነጠላዋን ጫፍ ትፈትላለች። ቢጫው ተራራ ከሥር ወደ ላይ እየተላጨ ሄደ። ሸክሞች ይወርዳሉ፤ ሰዎቹ ከሥራቸው አይታዩም፣ ሣሩ ራሱ ጉልበት አውጥቶ ወደየቤቱ የሚገባ ነው የሚመስለው። በአጠገባችን ሲያልፉ ሰላም ይሉናል፣ ዓይናችንን ግን አያዩም። ጸሐይ ስታዘቀዝቅ ተራራው ራሱን የተላጨ መነኩሴ መሰለ።

«አሁን እናንተ» አሉ አያ ዳምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ገደሉ እንዳዞሩ።

ወጣን። የሚቸኩል አልነበረም፤ ወደ ጉቶ የሚሮጥ ሰው የለም። ጉቶው የእግሬን ጎን ይወጋኛል። ትከሻውን አልፈን ጎድጓዳው ጋ ስንደርስ አባባ ቀጥ አሉ።

ከታች በማይታይበት፣ መሐል ለመሐል፣ ለአንድ ቤት ጣራ የሚበቃ ሣር ቆሟል። ከሁለትም ጣራ ይተርፋል። ማጭዶች ዙሪያውን እስከ አፈር አጭደው፣ እሱ ጋ ሲደርሱ በክር እንደተሰመረ ቀጥ ብለው ዞረዋል። ነፋስ ሲመጣ ከዳር እስከ ዳር ይተኛና መልሶ ይነሳል።

«አባባ፣ ይኼን ሳያዩት ቀርተው ነው?»

አባባ የሣሩን ጫፍ በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«የዚህ አገር ሰው ዓይኑ ደካማ ነው» አሉ።

እትዬ ዘነበች ጀርባዋን ሰጥታን መቀነቷን ማጥበቅ ያዘች፤ ሲጠብቅ ሲጠብቅ አላልቅ አላት። አባባ ማጭዱን ለእኔ ሰጡኝ። በሁለት እጄ ላይ እጃቸውን ደርበው እንዴት እንደሚያዝ አሳዩኝ።

«ከሥሩ አትነቅዪው» አሉ። «ትንሽ ከፍ አድርገሽ፤ ይመለስ።»

ጎንበስ አልኩና ገባሁበት። ሣሩ ከራሴ በላይ ገጠመ።